የጠፈር መርከብ ያለበት አካውንት ለመግዛት ላሰባችሁ የባሕር ዳር ተጫዋቾች

ሰሞኑን በቴሌግራም «የስታር ሲቲዝን መርከቦች ያሉበት አካውንት በቅናሽ» የሚሉ፣ ስታር ሲቲዝን ለተባለው የጠፈር የኮምፒውተር ጨዋታ የሚወጡ ማስታወቂያዎች በከተማችን ስለበዙ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ በዚሁ መንገድ 9,000 ብር እንዴት እንዳጣን ለመንገርና ሌላ ሰው ሳይከፍል እንዲጠነቀቅ ለማሳሰብ ይህን ጽፌአለሁ።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሲደረግ በ2014 ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ሆኖም ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣም፣ ሰው የሚጫወተው የሙከራ ቅጂውን ነው። የሥራው ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ተጫዋቾች መርከቦችን በእውነተኛ ገንዘብ እየገዙ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ሲሸጡ ገና በንድፍ ደረጃ ላይ የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ባኑ መርቻንትማን የተባለው ግዙፍ የንግድ መርከብ ለሽያጭ ከቀረበ ከአሥር ዓመት በኋላም፣ እስከ 2024 ድረስ አንድም ተጫዋች አላበረረውም። የንድፍ መርከብ የገዛ ሰው የራሱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ መርከብ በውሰት ይሰጠዋል። (ጣና ዳር ታንኳ የሚሠራ ሰው እንኳ ቀብድ ሲቀበል ደንገሉን ያሳያል።)

እኛን ያታለለን ሻጭ ወደቡ አጠገብ ካለ ካፌ ቀጥሮን ስልኩ ላይ ያሳየን በጣም የሚያምር የመርከብ ምስል ነበር፤ የመስታወቱ ነጸብራቅ፣ በሆዱ ሥር የተከፈተው የጭነት በር፣ ከበሩ ሥር የቆሙት ትንንሽ ሰዎች ሁሉ ይታያሉ። ወንድሜ በደስታ ሻዩን ረስቶት ቀዘቀዘ። እኔም ከምስሉ ግርጌ በትንሹ የተጻፈውን፣ ንድፍ መሆኑን የሚገልጸውን ቃል ያነበብኩት በቴሌብር ከከፈልኩ በኋላ ቤት ገብቼ ነው። ጨዋታውን ስንከፍት ያገኘነው በውሰት የተሰጠ ሌላ መርከብ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ የይለፍ ቃሉ አልሠራ አለ። ሻጩ የይለፍ ቃሉን ቢሰጠንም አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል በእጁ ስለቀረ፣ መልሶ ለመውሰድ የፈጀበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አካውንት መሸጥና መግዛት በጨዋታው ውል የተከለከለ በመሆኑ ለድርጅቱ አቤት ለማለትም መብት አልነበረንም።

ወደ ውጭ የሚከፈልበት ካርድ ማግኘት ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኛንም ወደ ደላላ የገፋን ይኸው ነው። መጫወት ለሚፈልግ ግን 45 ዶላር ገደማ የሆነው መነሻ ጥቅል አንድ ትንሽ መርከብ ይዞ ይመጣል፣ ተሠርተው ካለቁት መርከቦች አብዛኞቹም ጨዋታው ውስጥ በሚገኝ ገንዘብ ይገዛሉ። በውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልላችሁ ብትጠይቁ እንኳ አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ። ኮምፒውተራችሁንም አስቀድማችሁ እዩት፤ ጨዋታው በፕሌይስቴሽን አይሠራም፣ ከ100 ጊጋባይት በላይ የኤስኤስዲ (የኮምፒውተሩ ፈጣን ማከማቻ) ቦታም ይፈልጋል።

ከዚሁ ሻጭ ጋር የተነጋገረ ሰው ካለ፣ የቴሌብር ደረሰኙንና የተጻጻፈውን መልእክት ሳያጠፋ ያስቀምጥ፤ እኛ ለፖሊስ ስናመለክት መጀመሪያ የተጠየቅነው እነዚህን ነው።