የእንግሊዝኛ ግጥም ለማንበብ፦ ባለአማርኛው መዝገበ ቃላት ወይስ ባለእንግሊዝኛው?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ከተማሪዎች ጋር ስንቀመጥ ይህ ጥያቄ አይቀርም።

ዋጋ፦ ሁለቱም ስልክ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ክርክር የለም።

ቅለት፦ ባለአማርኛው ያሸንፋል። «ሮዝ» ብለህ ስትፈልግ «ጽጌረዳ» ይልሃል፣ ታልፋለህ። ባለእንግሊዝኛው አንድ ቃል ሲፈታ የማታውቃቸው ሌላ ሦስት ቃላት ይጨምርልሃል። በድሬ የቀትር ሙቀት ይህ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ስጋት፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልያም ብሌክ በ1794 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለታመመች ጽጌረዳ በሚያወራ ባለ 8 መስመር ግጥም ውስጥ «ዎርም» የሚል ቃል አለ። ባለአማርኛው «ትል» ይልና ያበቃል። ልክ ነው። ሰፋ ያለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን ቃሉ ድሮ እባብንና ዘንዶንም ይጠራ እንደነበር ይነግርሃል። ያኔ ገነትና ሔዋን ትዝ ይሉሃል። ጽጌረዳዋም አበባ ብቻ መሆኗ ይቀራል። ሰሙን አልፈህ ወርቁን መቆፈር ጀመርክ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ለዓመታት ትሉን ብቻ ነበር የማየው።

ቢሆንም ባለእንግሊዝኛውም ገጣሚው ቃሉን ለምን እንደመረጠ አይነግርህም። ያን ግጥሙን ደጋግመህ ስታነብ ነው የምታገኘው።

ለማን ይስማማል፦ ለመጀመሪያ ንባብ፣ ወይም ነገ ፈተና ካለብህ፣ ባለአማርኛው። ስለ ግጥሙ ድርሰት የምትጽፍ ከሆነ ባለእንግሊዝኛው። እኔ መጀመሪያ በአማርኛው እጨርሰዋለሁ። ከዚያ ቁልፍ የመሰሉኝን ሁለት ሦስት ቃላት ብቻ በሌላው እፈልጋለሁ።