ሰማያዊዋ ፓፍ ወይስ የጠዋትና የማታዋ? የአስም መድኃኒት ሲገዙ ማወቅ ያለብዎት ልዩነት

«ልጄ፣ ያቺን ሰማያዊ ፓፍ ስጠኝ።»

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ይህን በየቀኑ እሰማለሁ። ባለፈው ሐምሌ እንዲህ ያሉኝ እናት እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ ናቸው። ጣታቸው ላይ ሊጥ ደርቋል፣ ነጠላቸው ጭስ ጭስ ይላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሦስተኛቸው ነበር።

«ምነው እናቴ፣ ቶሎ ቶሎ አለቀብዎት?» አልኳቸው።

«ሌሊት ሲያፍነኝ ምን ላድርግ ልጄ? እሷን ሁለቴ ሳብ ሳደርጋት ለቀቅ ያደርገኛል።»

እውነታቸውን ነው፣ ይለቃቸዋል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ቶሎ የሚያስተነፍስ መድኃኒት በሽታውን ያከመው ይመስላል። ስለዚህ ሰው ገንዘቡን እሷ ላይ ይጨርስና ሌላኛዋን «ውድ ናት፣ ደግሞም ምንም አትሠራም» ብሎ ይተዋታል። እኔ በዚህ ምርጫ ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው የፈለግኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ላይ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛ፣ ቧንቧውን የከበበው ጡንቻ ይጨመደዳል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅና መታፈኑ በአብዛኛው ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ያመነጫል። ይሄኛው ደህና ነኝ በሚሉበት ቀንም ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድ ወይም እጣን ሲነካው ጡንቻው ወዲያው የሚጨመደደው ግድግዳው ቀድሞ ስለተቆጣ ነው።

ሰማያዊዋ የምትሠራው ጡንቻው ላይ ብቻ ነው።

ሰማያዊዋ፦ ሳልቡታሞል

ብዙ ሰው ቬንቶሊን ብሎ የሚያውቃት ናት። ገበያ ላይ የወጣችው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በየስሙ ብዙ ፋብሪካ ይሠራታል። አንድ ጊዜ ሲጫኗት 100 ማይክሮግራም ትሰጣለች። አንዷ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ 200 ፓፍ ትይዛለች፣ ማለትም 200 ጊዜ ትሳባለች። በ5 ደቂቃ ውስጥ ደረት መከፈት ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓትም ይቆያል። ልብ ልታስመታ፣ እጅ ልታንቀጠቅጥ ትችላለች፤ ይሄ ግን ብዙም ሳይቆይ ያልፋል።

ጥቅሟ ግልጽ ነው። ርካሽ ናት፣ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ትገኛለች፣ በጭንቅ ሰዓት ነፍስ ታተርፋለች። አስም ያለበት ሰው የጭንቅ ጊዜ መድኃኒት ኪሱ ሳይዝ ከቤት መውጣት የለበትም።

እብጠቱን ግን አትነካም። በየቀኑ እሷን ብቻ የሚስብ ሰው ውስጡ እየተባባሰ ነው። ጂና የሚባለው፣ ለአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ አካል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ትልቅ ለውጥ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት አይመክርም። የቁጥር መለኪያም አለው። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ባለ 200 ፓፍ ሳልቡታሞል የሚጨርስ ሰው ለከባድ መታፈን የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል። በወር አንድ፣ ማለትም በዓመት 12፣ የሚጨርስ ደግሞ የመሞት አደጋው ከፍ ይላል። እኚያ እናት ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «በዓመት ነው ያልከኝ?» አሉኝ።

የጠዋትና የማታዋ፦ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ

እነዚህ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ናቸው። ሥራቸው እብጠቱን ማብረድ ነው። ቤክሎሜታዞን ብዙ ጊዜ በቡናማ ፕላስቲክ ይመጣል፤ ቀለሙ ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ሁልጊዜ ስሙን ያንብቡ።

እነዚህን ሲስቡ ወዲያው ምንም አይሰማዎትም። ሲያፍንዎት ቤክሎሜታዞን ብቻ ቢስቡ አያስተነፍስዎትም። ለውጡ ከቀናት በኋላ ይጀምራል፣ በደንብ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው። በሦስተኛው ቀን «ይቺ ውሃ ናት እንዴ?» ብሎ የመለሰልኝ ደንበኛ አለ። ሌላው ደግሞ ሲሻለው ይተዋታል። የተሻለው ግን በእሷ ምክንያት ነው።

«ስቴሮይድ» ሲባል የሚደነግጥም አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል። በከባድ ሕመም ጊዜ የሚታዘዘው የፕሬድኒሶሎን ክኒን ለአዋቂ በቀን 40 ሚሊግራም ያህል ነው፣ የሚሄደውም ወደ መላ ሰውነት ነው። የፓፏ መጠን በማይክሮግራም ነው የሚቆጠረው፤ ዋና ሥራዋም እዚያው ሳንባ ላይ ነው። በተለመደው መጠን የሚያስቸግረው አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ማውጣትና ድምፅ መጎርነን ነው። ከሳቡ በኋላ አፍዎን በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉ። ጠዋትና ማታ ጥርስ ከመቦረሽ በፊት ማድረግ ደግሞ ላለመርሳትም ይረዳል።

«ቆይታ ያለው» ሲባል ግን የቱ?

እዚህ ጋ ነው ስሞቹ የሚያምታቱት። እንደ ሳልቡታሞል ጡንቻ የሚያላላ፣ ግን 12 ሰዓት ያህል የሚቆይ ሌላ ዓይነት አለ። ሁለቱ ታዋቂዎች ሳልሜቴሮልና ፎርሞቴሮል ናቸው።

«12 ሰዓት ከቆየ ከሰማያዊዋ አይሻልም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ብቻውን አይሻልም። አሜሪካ ውስጥ ከ26 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ሳልሜቴሮል ከተጨመረላቸው መካከል 13 ሰዎች በአስም ሞቱ። መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው መካከል የሞቱት 3 ናቸው። ምክንያቱ ብዙ አያስገርምም። ጡንቻው ረጅም ሰዓት ስለሚላላ ሰው ደህና የሆነ ይመስለዋል፣ እብጠቱ ግን ከሥር ይነዳል። ከስቴሮይድ ጋር በአንድ ዕቃ ሲሆን ያ ስጋት እንዳልታየ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ የአስም ሕመምተኛ ሳልሜቴሮልን ወይም ፎርሞቴሮልን ለብቻው አይግዛ። ከስቴሮይድ ጋር የተቀላቀለውን ይግዛ።

የተቀላቀሉትም ቢሆኑ እኩል አይደሉም። ሰሬታይድ ፍሉቲካሶን የሚባል ስቴሮይድና ሳልሜቴሮል ነው። ሳልሜቴሮል ለመጀመር ዘገምተኛ ስለሆነ ሲያፍን አይደርስም። ሰሬታይድ የሚወስድ ሰው ሰማያዊዋንም መያዝ አለበት። ሲምቢኮርት ደግሞ ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል ነው። ፎርሞቴሮል በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፣ እስከ 12 ሰዓትም ይቆያል። ፈጣንም ቆይታ ያለውም ነው ማለት ነው። አሁን ጂና ለአዋቂዎችና ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ወጣቶች የሚያስቀድመው ይህን ጥምረት ነው። አስሙ ቀለል ያለ ሰው ሲያፍነው ብቻ ይስበዋል፤ ጠንከር ያለበት ጠዋትና ማታም ሲያፍነውም ይስበዋል። ባለ 160 በ4.5 ማይክሮግራም ሲምቢኮርት ከሆነ ለአዋቂ በአንድ ቀን በጠቅላላው ከ12 ጊዜ መብለጥ የለበትም። እዚያ ከተጠጋ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ገንዘብ ችግር ባይሆን የኔ ምርጫ ይህ ነው። ሰው በታፈነ ቁጥር የእብጠቱን መድኃኒት አብሮ ይስባል። ረስቼ አልወሰድኩም የሚባል ነገር በብዙ ይቀንሳል።

ወደ ኪስ ስንመጣ

ገንዘብ ግን ችግር ነው። ሲምቢኮርት ከሁሉም ይወደዳል፣ ሁልጊዜም አይገኝም። እንዲህ ብለው ያስሉት። ሳልቡታሞል በቀን 8 ፓፍ የሚስብ ሰው 200ዋን በ25 ቀን ይጨርሳል። ቤክሎሜታዞን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ከሆነ ባለ 200ዋ 50 ቀን ትቆያለች። ባለ 120 ሲምቢኮርት ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ቢሳብ 60 ቀን ነው። ውድ የተባለውን ዕቃ ዋጋ ለሚቆይበት ቀን ያካፍሉት። ከዚያ ለሰማያዊዋ ከሚያወጡት የሚቀንስልዎትን ያስቡ። የድንገተኛ ክፍል፣ የኦክስጅንና የታክሲ ወጪም አለ። ልዩነቱ እንደሚመስለው ሰፊ ላይሆን ይችላል።

አቅም ከሌለ ደግሞ ሰማያዊዋና ቡናማዋ አንድ ላይ ጥሩ ናቸው። የጤና መድን ካለዎት በጤና ጣቢያ ወይም በመንግሥት ሆስፒታል ያስጽፉ። ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችንም ይጠይቁ፤ አንዱ ጋ የጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል። ሁለት ሰማያዊ ለመግዛት የሚበቃ ብር ይዞ የመጣ ሰው ሲያማክረኝ አንዷን ወደ ቡናማዋ ቀይሮ እንዲያስጽፍ ነው የምመክረው።

ክኒንና ሽሮፕስ? የሳልቡታሞል ሽሮፕ ለልጅ የሚገዛ ወላጅ ብዙ ነው። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚባለውን ፈርተው ነው። ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ሽሮፑና ክኒኑ በሆድ ዞረው ስለሚሄዱ ይዘገያሉ፣ ልብም ይበልጥ ያስመታሉ። ኤፌድሪንና ቴኦፊሊን ያለባቸው የድሮ ክኒኖችም ከዚህ አይሻሉም። ለልጅም ፓፍ ይሻላል፤ የትኛውና ስንት የሚለውን ግን የልጆች ሐኪም ይወስን።

ከውጭ ዘመድ ሲልክልዎት

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ላይ «አልቡቴሮል» ተብሎ ከተጻፈ ሳልቡታሞል ነው። ሁለት መድኃኒት መስሎት ሁለቱንም ላይ በላዩ የሚስብ ሰው ገጥሞኛል። እዚያ «አድቬር» የሚባለው እዚህ ሰሬታይድ ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አልቡቴሮልና ቡዴሶናይድ በአንድ ዕቃ የያዘ «ኤርሱፕራ» የሚባል ለአዋቂዎች ተፈቅዷል። ዘመድዎ «ምን ልላክልህ?» ሲል ሁልጊዜ ሰማያዊዋን ብቻ አያዝዙ። እዚህ የሚጠፋው ሌላኛው ነው።

አሳሳቡ ካልሆነ ሁሉም ከንቱ ነው

ፓፏን ይናጧት። አየሩን እስከ መጨረሻ ወደ ውጭ ይተንፍሱ። ሲጫኑ በዝግታና በጥልቀት ይሳቡ፣ ከዚያ እስከ 10 እየቆጠሩ ትንፋሽዎን ይያዙ። የዱቄቶቹ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ሲምቢኮርት ቱርቡሄለር፣ በተቃራኒው በኃይልና በፍጥነት ነው የሚሳቡት። ይህን ልዩነት ሳይነገረው የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ፋርማሲስቱ በእጁ ይዞ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው።

ከፓፍ ጋር ስፔሰር (በፓፏና በአፍዎ መካከል የሚገባ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ) ቢጠቀሙ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከመቅረት ይልቅ ሳንባ ይገባል። ስፔሰር ከጠፋ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ በተደረገና በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በደንብ የታሸገ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር ጋር ተቀራራቢ ውጤት ሰጥቷል። ንጹሕ ጠርሙስ ይውሰዱ። ሥሩን በፓፏ አፍ ልክ ይብሱት፣ ፓፏን ያስገቡ፣ ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ አድርገው በማጣበቂያ ይድፈኑት። በጠርሙሱ አፍ በኩል ይሳቡ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሰማያዊዋን ስበው ከሦስት፣ አራት ሰዓት በፊት ተመልሶ ካፈነዎት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት፣ ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ነገ የሚባል የለም። ሳልቡታሞሏን በስፔሰር አንድ አንድ እያሉ፣ በየመሃሉ እየተነፈሱ፣ እስከ 10 ፓፍ ይውሰዱና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

እኚያን እናት ያን ቀን ሰማያዊዋን ሸጥኩላቸው። ብረቷ ላይ የገዙበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፍኩባት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄደው ሐኪም እንዲያያቸው ለመንኳቸው። ሄዱ፣ ቤክሎሜታዞን ታዘዘላቸው።

በጥቅምት ሁለተኛዋን ቡናማ ሊገዙ መጡ። «ሰማያዊዋስ እናቴ?» አልኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አወጧት። ጽሑፌ በመታሸት ብዛት ደብዝዟል፣ «ሐምሌ» የሚለው ግን ይነበባል። ጆሮዬ አጠገብ አድርገው ናጧት።

«ስማ፣ ገና አለች።»