ጎበዝ አሰልጣኝ ናቸው፤ ወንድሜ ግን ቢቀይር እላለሁ

ወንድሜ ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ነው። ውሉን የማነብለት፣ ሂሳቡን የምይዝለት፣ በግጥሚያ ቀን ከኮርነሩ (በዙሮች መካከል ከሚያርፍበት የሪንጉ ጥግ) ጀርባ ቁጭ ብዬ የምጨነቅለት እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። በቅርቡ ከተሸነፈ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ አሰልጣኝ ይቀይራል ወይ? አሰልጣኝ ለቦክሰኛ ገንዘብ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው። እኔም እንደማንኛውም አገልግሎት ልገመግመው ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ይቀይር። ምክንያቴ ግን ሽንፈቱ አይደለም።

መጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጣቸው። ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምረው ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። አቋቋሙን፣ የእግር አጣጣሉን፣ ቡጢ ሲመጣ ዓይኑን አለመጨፈንን የተማረው ከእሳቸው ነው። ጂም ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ። ክብደት ሲቀንስ እንደ አባት ይከታተሉታል። በመጨረሻው ሰዓት ውሃ ከልክለው አያደርቁትም፤ ከብዙ ሳምንት በፊት ጀምረው ቀስ በቀስ ያወርዱታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰውነቱ ደርቆ ሚዛን ላይ የወጣ ቦክሰኛ በማግስቱ ጭንቅላቱ ላይ የሚያርፈው ቡጢ የበለጠ ይጎዳዋል። በገንዘብም ንጹህ ሰው ናቸው። በሙያው እንደተለመደው ከክፍያው 10 በመቶ ይወስዳሉ፤ ከዚያ በላይ ጠይቀውን አያውቁም።

ችግሩ ያለው ወንድሜ ግራ እጅ ላይ ነው። ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ከሰነዘረ በኋላ እጁ በቀጥታ ወደ አገጩ አይመለስም። ወደ ደረቱ ወርዶ ነው የሚመለሰው። በዚያች ቅጽበት የተጋጣሚው ቀኝ ቡጢ ይገባል። አማተር እያለ ፈጣን ስለነበር ያመልጥ ነበር። ፕሮፌሽናል ውስጥ ግን ተጋጣሚ ቪዲዮ አይቶ፣ አጥንቶ ነው የሚመጣው። የቅርብ ጊዜ ግጥሚያዎቹን ደጋግሜ አየሁ። ያንገዳገዱት ቡጢዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የገቡት በዚያው ክፍተት ነው። ለአሰልጣኙ ስነግራቸው "ልጁ ፍጥነት አለው፣ አታስቢ" አሉኝ። ከሽንፈቱ በኋላም የጨመሩት ሩጫ ብቻ ነው። ፓዱ (አሰልጣኙ እጁ ላይ አጥልቆ የሚያስመታው ትራስ) ያው ነው፤ ስፓሪንጉም (የልምምድ ግጥሚያውም) ያው ነው።

ይህ ጥፋት በታላላቆቹም ላይ ታይቷል። ጆ ሉዊስ ነበረበት። ማክስ ሽሜሊንግ ሉዊስ ከጃብ በኋላ ግራ እጁን እንደሚያወርድ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1936 ሲገናኙ በቀኝ እጁ ደጋግሞ መታው፤ በ12ኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ሉዊስ ግን አሰልጣኙን ጃክ ብላክበርንን አላባረረም። አብረው ወደ ጂም ተመለሱ። በ1938 በድጋሚ ሲገናኙ ሽሜሊንግ የቆየው 2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። እኔ አሰልጣኝን የምመዝነው በዚህ ነው። የተሸነፈ ቦክሰኛ ጂም ሲመለስ የሚጠብቀው አዲስ ሥራ አለ ወይስ የለም? ካለ፣ አሰልጣኙ ይቆይ። ሽንፈት ብቻውን ማንንም ለማባረር አይበቃም።

ሁለተኛው መመዘኛዬ በዙሮች መካከል ያለችው አንድ ደቂቃ ናት። ከውጭ ሲታይ 60 ሰከንድ ረጅም ይመስላል። ቦክሰኛው ሄዶ እስኪቀመጥ፣ የጥርስ መከላከያው እስኪወጣ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ፣ ፊቱ እስኪጠረግ ድረስ ግማሹ ያልቃል። አሰልጣኙ ለመናገር የሚተርፈው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በዚያች ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ፣ ያውም እውነቱን መናገር አለበት።

በ1981 ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ከቶማስ ሄርንስ ጋር ሲጋጠም በነጥብ እየተመራ ነበር። ከ13ኛው ዙር በፊት አሰልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ ግጥሚያው ከእጁ እያመለጠ መሆኑን በግልጽ ነገረው። ሊዮናርድ ተነስቶ ሄርንስን አናወጠው፤ በ14ኛው ዙር ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ። ዳንዲ "በርታ፣ እየመራህ ነው" ብሎት ቢሆን ኖሮ በነጥብ ይሸነፍ ነበር።

የእኛ ኮርነር ውስጥ የሰማሁት ግን ያንን "በርታ፣ እየመራህ ነው" የሚለውን ነው። ወንድሜ አመነ። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ራሱን እየጠበቀ፣ እየዞረ ጨረሳቸው። የዳኞቹ ነጥብ ሲነበብ ፊቱን አየሁት። መሸነፉ አላናደደኝም። ያናደደኝ መሸነፉን ሳያውቅ መጋጠሙ ነው። ጉልበት ነበረው፤ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። አሰልጣኙ ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም። በጣም ይወዱታል፤ ስለሚወዱት ክፉ ወሬ ሊነግሩት አይጨክኑም። ደግሞ እሳቸው ሲናገሩ ረዳቱም ይናገራል፣ ውሃ የሚያቀርበውም ይናገራል። ልጁ ማንን ይስማ?

መቀየር ሁልጊዜ ያድናል ማለቴ አይደለም። ማይክ ታይሰን በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ካሸነፈ በኋላ ከአሰልጣኙ ከኬቨን ሩኒ ጋር ተለያየ። በ1990 ቶኪዮ ላይ በበስተር ዳግላስ ሲሸነፍ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ ነበር። አዲሶቹ የኮርነር ሰዎች እብጠት የሚያወርደውን ቀዝቃዛ ብረት እንኳ አልያዙም። የላስቲክ ጓንት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ነበር ዓይኑ ላይ የሚይዙት። ለዓለም ሻምፒዮን!

አንድ ግጥሚያ ግን ሁለቱንም ዓይነት ቅያሬ ያሳያል። ታይሰን ፉሪ በ2018 ከዲዮንቴ ዋይልደር ጋር እኩል ወጣ። አሰልጣኙ ቤን ዴቪሰን ነበር፤ ከረጅም እረፍት በኋላ ብዙ ኪሎ አስቀንሶ ወደ ሪንግ የመለሰው ሰው ነው። ፉሪ ግን በነጥብ መታመን አልፈለገም፤ በዝረራ ማሸነፍ ፈለገ። ስለዚህ ቀኝ እጅን አጥብቆ ወደሚያስተምረው ወደ ሹገርሂል ስቱዋርድ ሄደ። የካቲት 2020 ላይ ዋይልደርን በ7ኛው ዙር አስቆመው። ለአንድ ግልጽ ሥራ የተደረገ ቅያሬ ይሄ ነው።

በዚያው ምሽት፣ በሌላኛው ኮርነር ግጥሚያው ይቁም ብሎ ፎጣ የወረወረው ከዋይልደር አሰልጣኞች አንዱ፣ ማርክ ብሬላንድ ነበር። ዋይልደር እየደማ፣ ሚዛኑን መጠበቅ እያቃተው ነበር። ብሬላንድ ሰውየውን አዳነው፤ ዋይልደር ግን በዚህ ምክንያት አባረረው። በ2021 ዋይልደርና ፉሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ ፎጣ አልተወረወረም። ዋይልደር በ11ኛው ዙር በዝረራ ወደቀ። እኔ እህት ነኝ፤ ይህን ታሪክ በቀዝቃዛ ልብ ማየት አልችልም። ፎጣ የወረወረልህን ሰው አታባርርም። አሰልጣኙ ኤዲ ፈች በ1975 ጆ ፍሬዘርን ለ15ኛው ዙር እንዳይነሳ ሲከለክለው አንድ ዙር ብቻ ነበር የቀረው። አጠገባቸው ሆኜ የፍሬዘርን ወንበር የምይዘው እኔ ብሆን የፈችን እግር እስም ነበር።

በየሽንፈቱ መቀያየርም አይጠቅምም። አንቶኒ ጆሹዋ በ2021 በኡሲክ ከተሸነፈ በኋላ ከአሰልጣኙ ከሮብ ማክራከን ተለየ። ከዚያ ሮበርት ጋርሲያ፣ ከዚያ ዴሪክ ጄምስ፣ ከዚያ ቤን ዴቪሰን። አዲስ አሰልጣኝ ጊዜ ይፈልጋል። ቭላድሚር ክሊችኮ ከአዲሱ አሰልጣኙ ከኢማኑኤል ስቱዋርድ ጋር በገባበት የመጀመሪያ ግጥሚያ በ2004 በላሞን ብሩስተር በ5ኛው ዙር ተሸነፈ። አልተወውም። ከዚያ እስከ 2015 ድረስ ማንም አላሸነፈውም።

አሁን ወንድሜ ሊሄድበት ስላሰበው አሰልጣኝ። ለሙከራ ጥቂት ሳምንት ሠርተው ነበር፤ እኔም ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተናገረም፤ አስፓረረውና ተመለከተ። ከዚያ ቪዲዮውን ከፈተና ያችኑ ግራ እጅ አሳየው። እኔ ምንም ሳልነግረው! ፓድ ሲይዝም ሥራው ሌላ ነው። ጃቡ ወርዶ በተመለሰ ቁጥር በፓዱ ጉንጩን ይነካዋል። አይጮህበትም፣ አይሳደብም፤ ይነካዋል። ወንድሜ መጀመሪያ ተናደደ፤ በኋላ እጁ ራሱ መመለስ ጀመረ። ገና አልጨረሰውም፤ ሲደክመው ይወርዳል።

ጉድለትም አለበት። ብዙ ቦክሰኞች ይይዛል። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ሁለት ቦክሰኞቹ በአንድ ቀን ግጥሚያ ቢኖራቸው ማን ኮርነር ይገባል ብዬ ስጠይቀው አቅማማ። ይህ በውሉ ላይ እንዲጻፍ አድርጌአለሁ፤ በግጥሚያ ቀን ረዳት አይላክም። ሌላም ጠየቅሁት፤ ግጥሚያ አስቁመህ ታውቃለህ? "አዎ፣ ልጁ ለብዙ ጊዜ አኩርፎኝ ነበር" አለኝ። መቶ ድል ቢቆጥርልኝ ይህን ያህል አያረጋጋኝም ነበር።

የቀድሞውን አሰልጣኝ በተመለከተ ወንድሜን አንድ ነገር ለምኜዋለሁ። በስልክ መልእክት እንዳይሆን፤ ግጥሚያ አዘጋጁ ፕሮሞተርም እንዳይነግራቸው። ቤታቸው ሄዶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ራሱ ይንገራቸው። የቀረ ክፍያ ካለ ከዚያ በፊት ይከፈል። ደግሞ እውነቱን ይንገራቸው፤ የግራ እጁንና የኮርነሩን ጉዳይ። ብዙ ታዳጊዎች እጃቸው ላይ አሉ። ለእነዚያ ልጆች እንኳ ቢሆን መስማት አለባቸው።

የሚቀጥለው ግጥሚያ ለቀበቶ እንዳይሆን፣ ስምንት ዙር ብቻ እንዲሆን ለፕሮሞተሩ ነግሬዋለሁ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም። አዲሱ አሰልጣኝ ልጁ ደክሞትም ቢሆን እጁ ይመለሳል እስኪለኝ ድረስ የግጥሚያው ውል እኔ ጋ ይቆያል፤ አይፈረምም።