ማክቤዝና ባንኮ፦ አንድ ትንቢት፣ ሁለት ልብ

በሼክስፒር «ማክቤዝ» ተውኔት ውስጥ ሁለቱ የስኮትላንድ የጦር አዛዦች፣ ማክቤዝና ባንኮ፣ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ጠንቋዮችን አብረው አገኙ። ማክቤዝ «ንጉሥ ትሆናለህ» ተባለ። ባንኮ ደግሞ እሱ ባይነግሥም ዘሩ እንደሚነግሥ ተነገረው።

ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ንጉሥ ዳንካን በተገደለበት ሌሊት ነው። ባንኮን እንቅልፍ እንደ እርሳስ ተጭኖታል፤ መተኛት ግን አይፈልግም። ክፉ ሐሳብ እንዳይመጣበት ይጸልያል። ማክቤዝ ባዶ አየር ላይ ጩቤ ያያል። እጁን ይዘረጋል፤ አይጨበጥም። ያም ሆኖ ጩቤው ወደጠቆመው የንጉሡ ክፍል ሄዶ ይገድለዋል።

እኔ ግን ባንኮንም ንጹሕ ነው አልልም። ማክቤዝ ዙፋኑን በክፋት እንዳገኘው ጠርጥሯል። ለዘሩ የተነገረው ተስፋ አጓጓውና ዝም አለ። ዝምታው አላዳነውም፤ ማክቤዝ በላካቸው ሰዎች እጅ ሞተ። ልጁ ፍሊያንስ ብቻ በጨለማ አመለጠ።