ለጂኦግራፊ አስተማሪ፦ «ኧርዝ ነልስኩል»ን ክፍል ውስጥ ሞከርኩት

የውቅያኖስ ጅረቶች ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሁሌም የሚያናድደኝ የመጽሐፉ ካርታ ነው። ቀጥ ያሉ ቀስቶች፣ ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ የማይሉ። ዘንድሮ «ኧርዝ ነልስኩል» የሚባለውን ድረ ገጽ በፕሮጀክተር አሳየሁ። የሠራው ካሜሮን ቤካሪዮ ነው። በነጻ ነው፣ ተመዝገቡ የሚል ጣጣም የለውም።

ታች በስተግራ ያለውን ሜኑ ከፍታችሁ «ኦሽን» የሚለውን ስትመርጡ ሉሉ ላይ ቀጫጭን መስመሮች መፍሰስ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ፓስፊክን አስጠጉት። ምድር ወገብ ላይ ውሃው በንግድ ነፋስ (ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አዘውትሮ በሚነፍሰው) እየተነዳ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከ3 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ግን ነፋሱን ከምንም ሳይቆጥር ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ጠባብ ጅረት አለ።

ክፍሉን ያንጫጫው የሶማሊያ ጠረፍ ነው። ቀኑን ሐምሌ ላይ ሳደርገው ውሃው ጠረፉን ታኮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይከንፋል፤ በሰከንድ 2 ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ጥር ላይ ሳደርገው ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሯል። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ሪቨርስ አለው እንዴ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። አለው እንጂ! የሞንሱን ነፋስ ሲዞር ውሃውም አብሮ ይዞራል። የትኛው የመጽሐፍ ቀስት ነው ይህን የሚያሳየው?

አንድ ነገር ይጎድለዋል። የሚያሳየው የላዩን ፍሰት ነው፤ ትልቁ ጉድ ያለው ደግሞ ከሥር ነው። ነፋሱ የፓስፊክን ውሃ ምዕራብ ላይ ይቆልለዋል። የተቆለለው ውሃ ግፊት፣ 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ምሥራቅ የሚገሠግስ ሌላ ጅረት ይፈጥራል። በ1952 እ.ኤ.አ. የውቅያኖስ ተመራማሪው ታውንሰንድ ክሮምዌልና ባልደረቦቹ የደረሱበት ነው። ምድር ወገብ ላይ የኮሪዮሊስ ጉልበት (ምድር ስለምትዞር የሚፈስን ውሃ ወደ ጎን የሚያጥፈው) ዜሮ ስለሆነ ወደ ጎን የሚያስተው የለም። ጋላፓጎስ ደሴቶችን ሲገጭ ቀዝቃዛና ምግብ የሞላበት ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ፣ በረዶ በሌለበት ምድር ወገብ ላይ፣ ፔንግዊን የሚኖረውም በዚህ ሰበብ ነው። ይህቺን በጠመኔ ሣልኳት፣ ምን ላድርግ!

በአሮጌ ስልክ አትሞክሩት፣ ቀጥ ይላል፤ ላፕቶፕ ይሻላል። ደግሞ መስመሮቹ የሚሮጡት ለዓይን እንዲታዩ ነው። ተማሪዎቻችሁ ውሃው እውነትም እንዲህ ይበራል ብለው እንዳይወጡ፣ አንድ ነጥብ ነክታችሁ የሚወጣውን ፍጥነት አስነብቧቸው። ብዙ ቦታ ከሰው እርምጃ አይበልጥም።