ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ የመጀመሪያዋ ጥይት የት ትወድቃለች?

በምኖርበት በኮሎራዶ ግዛት ከአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ የሚደረገው አደን የሚከፈተው በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን ሲሆን፣ የሚቆየውም ዘጠኝ ቀን ያህል ብቻ ነው። የግዛቱ ደንብ በዚህ አደን ላይ ባለ መነጽር ማነጣጠሪያን ይከለክላል፤ በእንክብል መልክ የተጋገረ ባሩድንም ሆነ በፕላስቲክ ቀሚስ ተጠቅልሎ የሚገባ ጥይትን አይፈቅድም። አዳኙ የሚቀረው በስፍር የሚለካ ልቅ ባሩድ፣ በርሜሉን ሞልቶ የሚገባ እርሳስ ጥይትና በባዶ ዓይን የሚታይ ማነጣጠሪያ ነው። ለዚህ ብዬ የገዛሁት ሲቪኤ ኦፕቲማ ቪ2 የተባለውን ጠመንጃ ሲሆን፣ ሁለት የአደን ወቅት ይዤው ወጥቻለሁ። የምጽፈው ግምገማ ስለ ጠመንጃው ቢሆንም፣ ብዙውን ቦታ የምሰጠው ገዢዎች ሳይጠይቁት ለሚያልፉት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በርሜሉ ንጹሕ ሲሆንና ጥቀርሻ ሲይዝ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ የሚለያይ መሆኑ ነው።

ጠመንጃው የሚሠራው ስፔን ውስጥ ነው። የበርሜሉ ውስጣዊ ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ባለ 50 ካሊበር ነው፤ ርዝመቱ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ብረቱም የማይዝግ የሚባለው ዓይነት ነው። በውስጡ የተቀረጹት ቦዮች በየ71 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር ስለሚጠመዘዙ፣ የሚስማማው ድቡልቡል እርሳስ ሳይሆን ረዘም ያለ ጥይት ነው። ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ከወገቡ ይታጠፋል፤ ከኋላው ለሽጉጥ ሳይሆን ለአደን ጠብመንጃ ቀለህ የሚያገለግለው 209 የተባለ ፕራይመር፣ ማለትም ሲመታ ባሩዱን የሚለኩስ ትንሽ ቆብ፣ ይገባበታል፤ የበርሜሉ የኋላ መድፈኛም ያለ መፍቻ በጣት ተፈትቶ ይወጣል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወድለት ይህንን ነው። መድፈኛው ሲወጣ በርሜሉን ወደ መስኮት አዙሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አያለሁ፤ በቦዮቹ ጥግ የቀረች አንዲት ጥቁር መስመር እንኳ አትሰወርም። መድፈኛው በገባ ቁጥር ጥርሱ ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ መቀባት ግን ግዴታ ነው፤ ይህ ከተረሳ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ይጣበቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ምክር የጠየቅሁት አንድ የመሣሪያ ሻጭ፣ ሦስት ጥይት ተኩሼ መሐላቸውን እንድይዝ፣ ማነጣጠሪያውን በዚያ ልክ እንዳስተካክልና ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን ወልውዬ ዘይት ቀብቼ እንዳስቀምጠው ነግሮኝ ነበር። እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። በነሐሴ ወር በ46 ሜትር ላይ፣ በመካከል ሳልወለውል በተከታታይ የተኮስኳቸው ሦስት ጥይቶች በአንድ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ሊሸፈኑ የሚችሉ ነበሩ፤ ማነጣጠሪያውንም አስተካክዬ በደስታ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። በአደኑ በአራተኛው ቀን ማለዳ ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን በ90 ሜትር ገደማ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ምላጩን ሳብሁ፤ ጭሱ ሳይበተን ጥይቱ ከደረቱ ሥር ያለውን ሣር ሲያነሳ አየሁ። እንስሳው ሳይቆስል በመሄዱ እስከ ዛሬ አምላኬን አመሰግናለሁ፤ ጥይቷ ጥቂት ከፍ ብላ ቢሆን ኖሮ እግሩን ሰብራ ጫካ ውስጥ ለብዙ ቀን ሥቃይ ትዳርገው ነበር። ጥፋቱም የጠመንጃው አልነበረም። በነሐሴ ያስተካከልሁት ጥቀርሻ የያዘ በርሜል ነው፤ በመስከረም ይዤ የወጣሁት ደግሞ ዘይት የተቀባ ንጹሕ በርሜል ነው። በዓላማ ረገድ ሁለቱ እንደ ሁለት የተለያዩ ጠመንጃዎች የሚቆጠሩ መሆናቸውን ያኔ አላወቅሁም።

ምክንያቱ ከባሩዱ ይጀምራል። ጥቁር ባሩድ ከመቶው 75 እጁ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ ሲሆን፣ ሲቃጠል ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከክብደቱ ከግማሽ ያነሰው ነው። የቀረው ጠጣር ነው፤ ከፊሉ ያ ነጭ ወፍራም ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉ በርሜሉን ይለስናል። ቀጣዩ ጥይት የሚንሸራተተው እንግዲህ በብረት ላይ ሳይሆን በዚህ ልስን ላይ ነው፤ ፍትጊያው ይጨምራል፣ ከኋላው የሚገፋው ግፊትም አብሮ ይለወጣል። በተቃራኒው ዘይት ባለው በርሜል ውስጥ ጥይቱ ሳይታገል ይሾልካል፤ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ባሩዱን ካራሰውም ቃጠሎው ይዳከማል። ጥቀርሻው ደግሞ እርጥበት የሚስብ ጨው ስለሆነ ጠባዩ እንደ አየሩ ነው፤ እርጥብ አየር ባለበት አገር ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ እንደ ኮሎራዶ ባለ ደረቅ አየር ግን እንደ ምጣድ ቅርፊት ይጠነክራል። በሌላ ግዛት የሚኖር ሰው “እኔ አምስት ጊዜ ሳልወለውል እተኩሳለሁ” ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የእሱ አየር ግን የእኛ አየር አይደለም።

በሁለተኛው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መተኮሻ ሜዳ እየሄድሁ፣ 80 ግሬይን ጥቁር ባሩድ በስፍር እየለካሁ፣ 350 ግሬይን፣ ማለትም 22.7 ግራም የሚመዝን እርሳስ ጥይት በማጉረስ ነገሩን ራሴ መረመርሁ። ዘይት እንደተቀባ የተኮሰው በርሜል ከመሐሉ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ መታ፤ በሌላ ቅዳሜ ስደግመው ዝቅ ማለቱ አልቀረም፣ ልኩ ግን ያው አልነበረም። ይህ ከመዛነፉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚዛነፍ ጠመንጃ ይስተካከላል፣ በየጊዜው ልኩን የሚለውጥ ግን አይስተካከልም። ሳልወለውል በተከታታይ ስተኩስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ተቀራርበው አረፉ፤ አራተኛውን ለማጉረስ መጠቅጠቂያ ዘንጉን በሁለት እጄ መጫን ነበረብኝ፤ አምስተኛው ከባሩዱ ከአራት ጣት በላይ ርቆ ቆመና አልወርድ አለ።

እዚህ ላይ ከዓላማ የሚበልጥ ነገር አለ። ጥይቱ ባሩዱ ላይ ካልተቀመጠና በመካከል ክፍተት ካለ፣ ተኩሱ በርሜሉን ሊያብጠው ወይም ሊፈነዳው ይችላል። ስለዚህ በዘንጌ ላይ በቢላ ሁለት ክቦች ቀርጫለሁ፤ የላይኛው በርሜሉ ባዶ ሲሆን፣ የታችኛው ባሩዱና ጥይቱ በልካቸው ሲቀመጡ ከአፈሙዙ ጋር የሚገጥም ነው። ጥይቱን አጉርሼ የታችኛው ክብ ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ከታየኝ አልተኩስም። ያቺን አምስተኛ ጥይት ያወረድኋት ፕራይመሩ እንዳልገባ ሁለት ጊዜ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ አፈሙዙን ከፊቴ አርቄ፣ በዝግታ በመጫን ነበር። ጭስ የሌለውን ዘመናዊ ባሩድ በዚህ ጠመንጃ ውስጥ መጨመር ደግሞ በምንም ሁኔታ አይፈቀድም፤ ግፊቱ በርሜሉ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነው።

መፍትሔ ሆኖ ያገኘሁት ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መወልወል ነው፤ አወላወሉም ሥርዓት አለው። አንድ የጥጥ ጨርቅ በውሃ ነክሬ እስኪበቃው እጨምቀዋለሁ፤ ሲያዝ ቀዝቃዛ ሆኖ ጣት ላይ ውሃ የማይተው መሆን አለበት። በአጭር በአጭሩ እየገፋሁ አወርደዋለሁ፤ በአንድ ጊዜ ከተገፋ ጥቀርሻውን ሰብስቦ ፕራይመሩ የሚያቃጥልበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ጨርቁ ሲወጣ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል የድኝ ሽታ ይዞ ነው። ገልብጬ በሌላው ገጹ አንድ ጊዜ እደግማለሁ፤ ከዚያ አንድ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ማጉረስ። በርሜሉ በዚህ ጊዜ ፍጹም ንጹሕ አይደለም፤ ስስ ጥቀርሻ ይቀርበታል፣ ያ ስስ ሽፋን ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ሥርዓት የተኮስኋቸው አምስት ጥይቶች በመዳፌ ስፋት ውስጥ አረፉ፤ እያንዳንዱን ለማጉረስ የጠየቀኝ ኃይልም እኩል ነበር። የእጅ ስሜት እዚህ ላይ እንደ መለኪያ ያገለግላል፤ ዘንጉ ከወትሮው ሲከብድ ወይም ሲቀል ጥይቱ ሌላ ቦታ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይናገራል።

አዳኝ ግን አምስት ጥይት አይተኩስም፤ አንድ ይተኩሳል። ዘንድሮ የተማርሁት ትልቁ ነገር የዓላማ ወረቀቱን ለመጀመሪያዋ ጥይት ብቻ መለየት ነው። በአምስት ቅዳሜዎች፣ ከቤት ይዤ በወጣሁት በርሜል የተኮስኋትን የመጀመሪያ ጥይት ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ አሳረፍሁ፤ ለልምምድ የተኮስኋቸው ሌሎቹ በሌላ ወረቀት ላይ ናቸው። ዘይቱን ጠዋት በአልኮል በተነከረ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ በደረቅ ጨርቅ እደግማለሁ፣ ከዚያ ባሩድና ጥይት ሳልጨምር ሁለት ፕራይመር በባዶው አቃጥላለሁ። ይህ በቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ዘይት ያደርቃል፤ በአፈሙዙ ፊት የተቀመጠች ቅጠል ስትንቀጠቀጥ ካየሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን አውቃለሁ። እንዲህ የተዘጋጀ በርሜል የመጀመሪያዋን ጥይት የሚያሳርፈው በየተኩሱ ከሚወለወለው ጋር ተቀራራቢ በሆነ ቦታ ነው፤ በእኔ ጠመንጃ ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር አልበለጠም። ማነጣጠሪያውን ያስተካከልሁት በእነዚያ አምስት የመጀመሪያ ጥይቶች መሐል ላይ ነው።

ስለ ማስተካከሉ ባጭሩ፦ የኋላው ማነጣጠሪያ የሚንቀሳቀሰው ጥይቱ እንዲሄድበት ወደሚፈለገው አቅጣጫ ነው፣ የፊተኛው ግን በተቃራኒው። ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች 50 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በ46 ሜትር ላይ የታየ የ7 ሴንቲ ሜትር ስሕተት የሚታረመው ከአንድ ሚሊ ሜትር በሚያንስ እንቅስቃሴ ስለሆነ ካቻቪቴውን በችኮላ ማዞር አይገባም። በዚህ ጠመንጃ ላይ ያለው የሚያበራ ነጥብ በማለዳ ብርሃን ለዓይን ይመቻል፤ ሆኖም እንደ ማናቸውም የዚህ ዓይነት ነጥብ ራቅ ያለ ዓላማን ስለሚሸፍን፣ እኔ ከ90 ሜትር በላይ አልተኩስበትም።

ተተኪ ባሩዶችን የሚመርጡ አሉ። ብላክሆርን 209 የሚተወው ጥቀርሻ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ የሚጸዳው ግን በውሃ ሳይሆን በነዳጅ ዘር ማጽጃ ነው። ጥቁር ባሩድና ፓይሮዴክስ የተባለው ሌላ ተተኪ ግን ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃቸዋል፤ በዚያው ዕለት ማታ መታጠብ አለባቸው፣ የማይዝግ የተባለው ብረትም ሳይቀር ካደረ ይነካል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ከያዘው የእንግሊዝ ጦር ጋር የገጠሙት ከአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዘው ነበር፤ በዚያ ቀን ደግሞ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ያቺን አምስተኛ ጥይት በሰላም ሜዳ ላይ፣ ማንም ሳይተኩስብኝ፣ በላብ ሳወርድ የታሰቡኝ እነሱ ናቸው።

ለአደኑ ስንወጣ ማታ ማታ ጠመንጃውን ወደ ሞቀ ድንኳን አላስገባም፤ ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ብረት ጤዛ ያወጣል፣ ጤዛውም ባሩዱ ዘንድ ይደርሳል። ፕራይመሩን አውጥቼ፣ አፈሙዙን በቀጭን ፕላስተር ሸፍኜ ውጭ በቦርሳው ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ፕላስተሩ ከጥይቱ በፊት በሚወጣው አየር ስለሚነሳ ዓላማውን አያዛባም። የማነጣጠሪያውን ቡሎኖች ደግሞ ከመጨረሻው ቅዳሜ በኋላ በባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም አንዳንድ ጠብታ አድርጌባቸዋለሁ፤ በመንገድ ላይ መኪናው አንገላቶ ካላላቸው፣ ቀለሙ ተሰንጥቆ ከመተኮሴ በፊት ይታየኛል።