የዳለቻን ሆድ ላዳነልኝ ሐኪም፣ ክበርልኝ

ደሴ ድመት የምታሳድጉ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ገበያ እህል ልገዛ ሄጄ ድመት ይዤ ተመለስኩ። እህል ሻጯ እትዬ "ውሰጃት የኔ ልጅ፣ አይጥ ትፈጅልሻለች" ብለው አራት ወር የሚሆናት አመድማ ግልገል በካርቶን አስታቀፉኝ። ዳለቻ አልኳት። ቤት እንደገባን አልጋ ስር ተሸጎጠች። እኔም አንጀቴን ስለበላችው ጠዋት ወተት፣ ማታ ወተት። በማግስቱ ተቅማጧ ውሃ ሆነ። ስለ ምንጣፌ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

መካሪ ሞልቷል። አንዷ ጎረቤቴማ ፓራሲታሞል ከፍለሽ ስጫት አለችኝ። መጀመሪያ የደወልኩበት ቦታ ደግሞ "ድመት እኮ ናት፣ ሌላ አምጪ" ብሎ ዘጋብኝ።

ረቡዕ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሰልፉ በግ፣ ፍየል፣ የምታነክስ አህያ። መዝጋቢው ስሟን ሲጠይቀኝ "ዳለቻ" አልኩ። "በሬው የታለ?" አለኝ! ሰልፈኛው በሳቅ ሞተ።

ወጣቱ ሐኪም ግን አልሳቀም። ድዷን ገልጦ አየ። የጀርባዋን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀና ቶሎ መመለሱን ጠበቀ፤ ቀስ ብሎ ቢመለስ ውሃ አጥሯታል ማለት ነው አለኝ። በፌስታል ቋጥሬ ያመጣሁትን ነገር (ይቅርታ) ሳይጸየፍ በማይክሮስኮፕ አየው፣ የወስፋት እንቁላል አገኘበት። ከዚያ "ወተቱን ማን አዘዘልሽ?" አለኝ። ድመት ጡት ከተወች በኋላ የወተቱን ስኳር መፍጨት እያቃታት ይሄዳል ለካ። የፓራሲታሞሉን ወሬ ስነግረው ደነገጠ። አንዷ ኪኒን ብቻ ድመትን ልትገድል ትችላለች።

መዝኖ በኪሎዋ ልክ የወስፋት መድኃኒት ሰጣት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ምግቧ ጨው፣ ሽንኩርትና በርበሬ ያልነካው የተቀቀለ ዶሮ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ውሃ ሳይጠፋ። ወደ ሌላ ምግብ ስትመልሻትም በአንዴ ሳይሆን ሳምንት ያህል እየቀላቀልሽ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ሳታድሪ አምጫት።

የገረመኝ ሌላው ምክሩ ነው። ከአልጋ ስር ጎትተሽ አታውጫት፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ስጫት፣ እትዬ ጋ ተመልሰሽም የተኛችበትን ጆንያ ቁራጭ ለምኝ፣ የምታውቀው ሽታ ያረጋጋታል አለ። እውነትም ካርቶኗ ውስጥ ባነጥፍላት አፍንጫዋን ቀብራ ተኛች። "አብሽሪ፣ ትድናለች" ብሎ የሸኘኝ ሰው በማግስቱ ራሱ ደውሎ ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ያዘ። በአምስተኛው ጋቢዬ ላይ ወጥታ ታንኮራፋ ጀመር፣ በደሴ ብርድ እኔ ያለ ጋቢ ቀረሁ።

ስሙን ሳላስፈቅደው እዚህ አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ፣ ቦታውን እነግረዋለሁ። ዶክተር፣ ክበርልኝ! ረቡዕ ለሁለተኛው መድኃኒት እንመጣለን፣ መዝጋቢውም በሬው የታለ ማለቱ አይቀርም።